ያላነሳኋቸው ሦስት ድንጋዮች

ምክር መጻፍ የጀመርኩት ወገቤ ከከዳኝ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በተሳቢ መኪና የጅቡቲን መንገድ ተመላልሼበታለሁ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ረጅም መንገድ አትነዳም ሲለኝ፣ አዋሽ ሰባት ከተማ ውስጥ ስለ መንገድ ደኅንነት የሚያስተምር አንድ ቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ ሰጠኝ። ሥራዬ በየወቅቱ ለነዋሪውና ለሾፌሩ የሚበተን አንድ ገጽ ወረቀት ማዘጋጀት ነው። የክረምት አለ፣ የበጋ አለ። በዓል ሲደርስ ደግሞ የበዓል አለ፤ እሱ ባብዛኛው ስለ መጠጥ ስለሆነ ማንም አያነበውም።

ሰው ምክር እንደማይወድ አውቃለሁ። እኔም ሾፌር ሳለሁ አልወድም ነበር፤ ኬላ ላይ ወረቀት ሲሰጡኝ የሞተር ዘይት መለኪያውን እጠርግበት ነበር። ስለዚህ አሳጥሬ እጽፋለሁ፤ የምጽፈውም በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። የክረምቱ ወረቀት ስምንት ምክሮች ነበሩት። እዚህ አገር ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ጎርፍ ይመጣል፤ ዝናቡ የዘነበው ደጋ ላይ ነው፣ ውሃው ግን የሚወርደው ወደ እኛ ነውና ደረቅ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁማችሁ ምሳ አትብሉ ይላል አንዱ። ጥላ ፍለጋ ከተሳቢ ሥር ገብታችሁ አትተኙ ይላል ሌላው፤ እንደዚያ ተኝቶ በዚያው የቀረ ሰው አውቃለሁ። ግመል መንገድ ስታቋርጥ የመጀመሪያዋን አሳልፋችሁ ነዳጅ አትርገጡ፣ ከኋላዋ ሌሎች አሉ። በሙቀት ጎማ ከልኩ በላይ አታስነፉ። አዋሽ ሲሞላ አዞው ከለመደበት ቦታ ይወጣልና ልብስ ለማጠብ አዲስ ቦታ አትምረጡ። የቀሩትም የዚሁ ዓይነት ናቸው።

ወረቀቱን በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ ፍሬሰላም የምትባል ልጅ ናት። መልካ ወረር፣ የጥጥ እርሻ ሠራተኞች ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አንድ ነገር ከጠየቀች መልሱን ሳታገኝ የማትለቅ ዓይነት ናት። ዘንድሮ ግንቦት መጨረሻ ላይ የክረምቱን ወረቀት ስትጽፍ ቆየችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ጋሽ አብዮት፣ ስለ ድንጋይ ለምንድን ነው አንድም ቀን ጽፈው የማያውቁት?»

የቱ ድንጋይ አልኳት፤ የቱን እንደሆነ ልቤ እያወቀ። መኪና ሲበላሽ የሚደረደረውን አለችኝ። ባለፈው ወር ከቤተሰቦቿ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ እንዲህ ያለ የተተወ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ለጥቂት ነው ሳይገለበጥ የቀረው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ አገር መኪና አስፋልት ላይ ሲቆም ሾፌሩ ከኋላና ከፊት ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ካገኘ ቅጠል ይጥላል፤ ሌላው ከሩቅ አይቶ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ነው። እኛ መንገድ ላይ ቅጠል ከየት ይመጣል፣ ስለዚህ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው አትርፏል። ክፋቱ መኪናው ተሠርቶ ሲነሳ ነው። ሾፌር ሞተሩ ከተነሳለት ሐሳቡ ሁሉ ወደፊት ነው፤ ድንጋዩ እዚያው መንገዱ መሀል ይቀራል። ማንም አያነሳውም፤ ሁሉም የደረደረውን ሰው እየተራገመ ጠምዝዞ ያልፋል።

ይኼንን ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው መጻፍ አያስፈልግም አልኳት። ታዲያ ግመል መንገድ እንደሚያቋርጥ የማያውቅ ማን አለ አለችኝ። የስልክ ካርድ ልግዛ ብዬ ወጣሁና ካርድም ሳልገዛ ፀሐይ ላይ ቆሜ ቆየሁ።

ከአስራ አንድ ዓመት በፊት፣ ሰኔ ላይ፣ ማዳበሪያ ጭኜ ከጅቡቲ እየተመለስኩ ነበር። ረዳቴ ጥጋቡ ወባ ይዞት ሚሌ ቀርቷል። ከሚሌ ወጥቼ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ፣ መንገዱ ደረቅ ወንዝ ለመሻገር ዝቅ ብሎ የሚወጣበት ቦታ ላይ የኋላ ጎማዬ ፈነዳ። ቀትር ነበር። አምስት ድንጋይ ደረደርኩ፤ ሁለቱን ከፊት፣ ሦስቱን ከኋላ፣ ዝቅታው ላይ። ከሦስቱ ትልቁ ከጥግ የተሰበረ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የኪሎ ሜትር ምልክት ነበር፤ ነጭ ስለሆነ ይታያል ብዬ ከግራር ጥላ ሥር መርጬ ነው ያመጣሁት።

ጎማውን ብቻዬን ስቀይር ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ስጨርስ ከፊት ያሉትን ሁለቱን በእግሬ እየገፋሁ ከመንገድ አወጣኋቸው። የኋላዎቹ በእግር የሚገፉ አልነበሩም። ነጩን ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ስይዘው እጄን አቃጠለኝ። በሰኔ ቀትር እዚያ ፀሐይ የዋለበትን ድንጋይ ያልነካ ሰው ይህ ቀልድ ይመስለዋል። ለቀቅኩት። መዳፌን በምራቄ አርሼ ሌላ ሰው ያነሳዋል አልኩና መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። የሚያስቸኩል ነገር አልነበረኝም፣ አልታመምኩም፣ ማንም አልጠበቀኝም።

ከሳምንት በኋላ ወደ ጅቡቲ ስመለስ ሚሌ ሻይ ልጠጣ ቁጭ እንዳልኩ ወሬውን ሰማሁ። ያን ዕለት ወደ አስራ አንድ ሰዓት ላይ አህመዲን የሚባል የባጃጅ ሾፌር፣ ወተት ይዘው መንገድ ዳር የሚጠብቁትን የአፋር ሴቶች ሊያመጣ ወጥቶ፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይኑ ውስጥ ገብታበት ዝቅታው ላይ ድንጋይ መታ። ባጃጁ ተገለበጠና እግሩ ላይ ወደቀ። ዱብቲ ሆስፒታል ወስደውት እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሻዬን ትቼ ወደ ቦታው በባጃጅ ሄድኩ። ድንጋዮቹን ሰው ዳር አውጥቷቸዋል። ነጩ ድንጋይ ላይ የባጃጅ ሰማያዊ ቀለም ተፍቆበታል።

እውነቱን ልነግረው ነበር ሆስፒታል የሄድኩት። ይህንን ዛሬም እምላለሁ። ሙዝ ይዤ ገባሁ። ከእኔ በአስር ዓመት የሚያንስ፣ የባቲ ተወላጅ፣ ለጋ ጢም ያለው ሰው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ማን ልበል አለኝ። ሾፌር ነኝ፣ ወሬህን ሰምቼ ነው አልኩት። ለማያውቀው ሰው ይህን ያህል መንገድ ያቋረጠ ሰው ብሎ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላህ ይስጥህ እያለ መረቀኝ። ከዚያ በኋላ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። ሙዙን ልጬ አበላሁትና ወጣሁ።

እንዲህ ሆነን ወዳጅ ሆንን። አህመዲን ከዳነ በኋላ የጎማ ጥገና ተማረና ሚሌ፣ የደሴው መንገድ የሚገነጠልበት አካባቢ፣ ጎሚስታ ቤት ከፈተ። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ጎማዬ ደኅና ሆኖ እንኳ አሳየዋለሁ። ከመልካ ወረር መገንጠያ ሐብሐብ ገዝቼ እወስድለታለሁ። ቢላውን እሱ ያመጣል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ ጥላው ሥር ቁጭ ብለን እንበላለን። ከመብላታችን በፊት በአርቴፊሻል እግሩ እያነከሰ መጥቶ፣ ጋሽ አብዮት እጅህን ዘርጋ ብሎ ውሃ ያፈስልኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ እዘረጋለሁ። አንዳንዴ ስለ እግሩ ሲያወራ «ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» ይላል። እኔም ቀደሩ ውስጥ ተደብቄ አስራ አንድ ዓመት ኖርኩ።

ፍሬሰላም ከጠየቀችኝ ሦስት ቀን በኋላ ሰመራ የክረምት ጥንቃቄ ስብሰባ እንደሚደረግ ደብዳቤ መጣ። እኔ ምክሮቹን እንዳነብ፣ በአደጋ የተጎዳ አንድ ሰው ደግሞ የደረሰበትን እንዲናገር ተብሏል። ሰው የማፈላለጉን ሥራ ፍሬሰላም ያዘች። ሚሌ ላለ አንድ ሰው ደውላ፣ እሱ የሌላ ሰው ቁጥር ሰጥቷት፣ ማታ አካባቢ ደስ ብሏት መጣች። አግኝቻለሁ፣ አህመዲን የሚባል ጎሚስታ ነው፣ ጋሽ አብዮት ካለ እመጣለሁ ብሏል፣ ለካ ይተዋወቃሉ አለችኝ። እንተዋወቃለን አልኳት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጠዋት ወረቀቱ ላይ ዘጠነኛ ምክር ጽፌ ለፍሬሰላም ሰጠኋት። አንብባው ጻፈችው። እኔም ሚሌ ላይ አህመዲንን ስወስደው፣ ሰመራ ሳንደርስ፣ መኪና ውስጥ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ስብሰባው ላይ ከመቀመጣችን በፊት ማወቅ አለበት አልኩ። ሐሳቤ ጥሩ ነበር።

የስብሰባው ዕለት ቢሮው በመደበው ሚኒባስ ስሄድ ሐብሐቡን እንደ ልማዴ ገዛሁ። አህመዲን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሶላት ኮፍያውን አድርጎ ጎሚስታው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በሰው ፊት መናገር ፈርቻለሁ አለኝ። ከሚሌ እስከ ሎግያ ምን እንደሚል ሲለማመድብኝ ሄደ፤ እኔ እንድሰማው፣ ከተሳሳተ እንዳርመው። ደጋግሞ የደረሰበትን ነገረኝ፤ ፀሐይዋን፣ ሦስቱን ድንጋዮች፣ ነጩን። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ሁለተኛው ጊዜ ግን ማንም አልከለከለኝም፣ ፈርቼ ነው። ሎግያን አልፈን የሰመራ ሕንፃዎች ሲታዩ ገና ስለ ሙቀት ነበር የማወራው።

አዳራሹ ሞልቷል። የሎግያ ባጃጅ ነጂዎች፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የጋራዥ ልጆች፣ ተማሪዎች፣ ከገጠር የመጡ የአፋር ሽማግሌዎች ነበሩ። ሀሰን የሚባል መምህር ከአማርኛ ወደ አፋርኛ ይተረጉማል። መጀመሪያ የተናገረው አህመዲን ነው። እግሩን ከፍ አድርጎ አሳየ፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ተናገረ፣ አልተሳሳተም። መጨረሻ ላይ ግን መኪና ውስጥ ያልነገረኝን ነገር ጨመረ። ድንጋዩን የተወው ሰው ማንም ይሁን ማን አውፍ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ አለ። ሰው በደኅናው ድንጋይ መንገድ ላይ ትቶ አይሄድም፤ ምናልባት በሽተኛ ጭኖ ነበር፣ ምናልባት ልጁ ሞቶ መርዶ ደርሶት ነበር፣ አላህ ችግሩን ይወቅለት አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚያ ተቀምጬ ምንድን ነው የተሰማኝ ብትሉኝ፣ እፍረት ነው። አስራ አንድ ዓመት እኔን ይቅር ያለኝ መስሎኝ ነበር። ይቅር ያለው ግን በሽተኛ የጫነ፣ መርዶ የደረሰው አንድ ሰው ነው፤ እንደዚያ ያለ ሰው ደግሞ የለም። የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ድንጋይ ያቃጠለኝ።

ተራዬ ሲደርስ ወረቀቱን አውጥቼ ስምንቱን አነበብኩ። ሀሰን እየተከተለ ተረጎመ። ግመሏ ላይ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ግመል ለእኛ ትነግረናለህ እንዴ ማለታቸው ነው። ከዚያ ዘጠነኛው ላይ ደረስኩ።

«ዘጠነኛው ስለ ድንጋይ ነው። መኪናችሁ ተሠርቶ ስትነሱ የደረደራችሁትን ድንጋይ አንሱ። አህመዲንን የጣሉትን ሦስት ድንጋዮች የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሳላነሳቸው ሄድኩ። በሽተኛ አልጫንኩም፣ መርዶም አልደረሰኝም።»

ሀሰን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይኼንንም ልተርጉመው ወይ አለኝ። ተርጉመው አልኩት። ተረጎመው። አህመዲን ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ ሰማው። በአማርኛው ጊዜ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ነበር፤ በአፋርኛው ጊዜ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተነስቶ እያነከሰ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለ የኒም ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘሁት። እኔ ይቅርታ ልለው አሰብኩ፤ ይቅርታዋ ግን እንደ ሙዙና እንደ ሐብሐቡ የማትረባ ሆና ታየችኝ።

«ለምን አላነሳኸውም?» አለኝ።

«አቃጠለኝ» አልኩት። «እጄን አቃጠለኝ።»

መዳፉን አየ፣ የራሱን። የጎሚስታ እጅ ነው፣ በጎማና በብረት የጠቆረ።

«ቀደር የአላህ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ድንጋዩ ግን ያንተ ነበር።» ከዚያም ጨመረ፦ «አስራ አንድ ዓመት ሐብሐብ ስንበላ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አዳራሽ ሙሉ ሰው እስኪሰበሰብ ጠበቅክ።»

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ሰው ፊት መናገሬ ጀግንነት መስሎኝ ነበር፤ የባሰ ፍርሃት መሆኑን እሱ ሲነግረኝ ነው ያወቅኩት። ለብቻው ብነግረው ፊቱን ብቻዬን ማየት ነበረብኝ። አህመዲን ወደ ሎግያ የሚሄድ ባጃጅ አስቁሞ ገባ፤ ወደኋላም አላየም። ሐብሐቡ ሚኒባሱ ውስጥ ቀረ። ስመለስ ለሹፌሩ ሰጠሁት።

ወረቀቱ በዘጠኝ ምክር ታተመ። አዋሽ መናኸሪያ ተለጠፈ፣ ገዋኔ ተለጠፈ፣ ሚሌ ነዳጅ ማደያዎቹና ምግብ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ሁሉ ተለጠፈ። ፍሬሰላም ስለ ሰመራው ነገር ሰምታለች፤ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ሾፌሮች ሻይ ቤት ስገባ ዝም የሚሉ መሰለኝ፤ ዝም ያሉትም ነበሩ፣ ያላሉትም ነበሩ። አንድ አምባዬ የሚባል የድሮ ጓደኛዬ፣ ሠላሳ ዓመት የነዳ ሰው፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ከተሳቢው ኋላ ስንት ድንጋይ ትቶ እንደሄደ ሲያስብ ማደሩን ነገረኝ። ቁጥሩን ማወቅ አልቻልኩም አለ። የእኔ ኃጢአት የሱንም እንቅልፍ መንሳቱን ስሰማ ትንሽ ቀለለኝ፤ በመቅለሌም አፈርኩ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከሚሌ በመጣ አውቶቡስ አንድ ጆንያ ተላከልኝ። ፍሬሰላም ፈታችው። ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ የተቆረጡ፣ መዳፍ የሚያክሉ፣ ድርብ ሆነው የተሰፉ ነገሮች ሞልተውበታል። እያንዳንዱ ላይ ጣት የሚገባበት ቀለበት አለ። ምን እንደሆኑ አልገባንም። ጫማ ይሆን አለች ፍሬሰላም፣ አንዱን እግሯ ላይ ለክታ። ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ፤ አህመዲን ነው።

ሰላምታ አላበዛም። ወረቀትህን አነበብኩት አለኝ። ፊት ለፊቴ ካለው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ስለለጠፉት ሳልወድ በየቀኑ አየዋለሁ አለ። ዘጠነኛው ምክር በደንብ አልተጻፈም አለኝ። ምን ጎደለው አልኩት።

«‹ድንጋዩን አንሱ› ብለህ ጽፈሃል። ማን ያነሳዋል? ያቃጥላላ። አንተ ራስህ አላነሳኸውም፣ አብዮት። ላስቲኩን ከወረቀቱ ጋር አብራችሁ ስጧቸው፤ መኪና ውስጥ ያስቀምጡት።»

አብዮት ነው ያለኝ። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ስሜን ያለ «ጋሽ» ጠርቶት አያውቅም። ጆሮዬ ላይ እንደ ሌላ ሰው ስም ሆነብኝ። እሺ አልኩት፤ እንሰጣቸዋለን አልኩት። ሊዘጋው እንደሆነ ሲሰማኝ ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ከጀርባው መኪና ሲያልፍ፣ የንፋስ ማስነፊያው ሲጮህ ይሰማኛል።

«ሐብሐብ ከእንግዲህ አታምጣ» አለኝ። «ከመጣህ ባዶ እጅህን ና።»

ወረቀቱን አሻሽለን እንደገና አሳተምነው። ዘጠነኛው አሁን ረጅሙ ምክር ነው፤ ድንጋዩ ፀሐይ ከዋለበት እንደሚያቃጥል፣ ስለዚህ ላስቲክ ወይም ወፍራም ጨርቅ ወንበር ሥር ይኑራችሁ፣ የደረደራችሁትን ቆጥራችሁ አንሱ፣ ሌላ ሰው የተወውን ያየ ጠምዝዞ ከማለፍ ቆሞ ያንሳ ይላል። ላስቲኮቹን ኬላው አካባቢ ለሚቆሙ ሾፌሮች አደልን። አንዳንዱ ስቆ ይቀበላል። አንዱ መስታወት ሲጠርግበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ወደ ሚሌ ሄድኩ። የቢሮ ሥራ ብዬ አልሄድኩም፣ በራሴ ቀን ነው። ሚኒባሱ መልካ ወረር መገንጠያ ሲቆም ሐብሐብ ሻጮቹ ወደ መስኮቱ መጡ፤ ያውቁኛል፣ ትልቁን መርጠው አቀረቡልኝ። ዛሬ አልገዛም ስላቸው የታመምኩ መስሏቸው እግዜር ይማርህ አሉኝ። እጄን የማደርግበት አጥቼ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ባዶ እጅን ይዞ ወደ ሰው መሄድ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሚሌ ሊገባ አስራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሹፌሩ መሪውን ወደ ቀኝ ቆረጠና ተራገመ። ዝቅታው ነው። ከማዶ ባለው መስመር ላይ ሁለት ድንጋዮች አሉ፤ መኪናው ሄዷል፣ አስፋልቱ ላይ የፈሰሰ ዘይት ብቻ ቀርቷል። አቁም አልኩት። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ሹፌሩ ቸኩያለሁ አለ፤ መጨረሻ ላይ ግን አቆመና ወረድኩ። ላስቲኩን ከኪሴ አውጥቼ ጣቴን አስገባሁ። ድንጋዩ በላስቲኩ ውስጥም ሙቀቱ ይሰማል፤ ይያዛል ግን። ወገቤ እንደምንም ቻለኝ። ሁለቱን አውጥቼ ከአስፋልቱ ርቆ ካለው ገደል ውስጥ ጣልኩና ተመለስኩ።

አህመዲን የአይሱዙ ጎማ መሬት ላይ አጋድሞ እያፈራረሰ ነበር። አልተነሳም። ወንበር አልጠቆመኝም። መጀመሪያ ያየው እጄን ነው፤ አቧራና የላስቲክ ጥቁር ይዞታል።

«የት ነው?» አለኝ።

«ዝቅታው ላይ። ሁለት ናቸው።»

የያዘውን ብረት አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን ጀሪካን አነሳና እጅህን ዘርጋ አለኝ። ዘረጋሁ። ውሃው ሞቅ ያለ ነበር፣ ፀሐይ ውሎበታል። መዳፌን አገላብጬ አሸሁት፤ ጥቁሩ ቶሎ አልለቀቀም። ጋሽ አላለኝም። ውሃውን ግን እጄ እስኪጠራ ድረስ አፈሰሰልኝ።